በአፍላ ጉርምስና የሚታይ የአእምሮ ጤና የጾታ ልዩነት

በአፍላ ጉርምስና የሚታይ የአእምሮ ጤና የጾታ ልዩነት የሚባለው ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉ ሴቶችና ወንዶች ልጆች መካከል በስሜት፣ በባህርይ፣ በኑሮ እርካታና በአእምሮ ሕመም ረገድ የሚፈጠር ልዩነት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ዘመን አፍላ ወጣትነት ብሎ ይመድበዋል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የአፍላ ጉርምስና ዘመን ናቸው። በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀድሞ ተመሳሳይ የነበረው የወንዶችና የሴቶች ልጆች የስሜት ጤና ይለያያል፤ ልዩነቱም ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሳይጠፋ ይቆያል።

ጉዳዩ ከፍተኛ ትኩረት የሚያገኘው በዕድሜው ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ታትሞ የወጣው የሮናልድ ኬስለርና የባልደረቦቹ ጥናት በሕይወት ዘመን ከሚከሰቱ የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ እስከ 14 ዓመት ዕድሜ ድረስ እንደሚጀምሩ አመልክቷል። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ሕመም አለበት። አብዛኞቹ ሕመማቸው ሳይታወቅ ወይም ሳይታከም ይቀራል።

ልዩነቱ መቼ ይጀምራል

ከ10 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ድባቴ (በተለምዶ ድብርት የሚባለው ሕመም) ብዙ አይታይም፤ ሲታይም በወንዶችና በሴቶች መካከል የጎላ ልዩነት የለውም። በአንዳንድ ጥናቶች እንዲያውም ወንዶቹ ትንሽ ይበልጣሉ። ሁኔታው የሚገለበጠው ከ11 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ነው።

በዚህ ረገድ ብዙ የሚጠቀሰው ሬቸል ሳልክ፣ ጃኔት ሃይድና ሊን አብራምሰን እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ትንተና ነው። ከ90 በላይ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን አጣምረው የመረመሩት እነዚህ ተመራማሪዎች በዕድል ንጽጽር ሲለካ በ12 ዓመት ላይ የሴቶች ልጆች በድባቴ የመያዝ ዕድል ከወንዶቹ በ2.37 እጥፍ እንደሚበልጥ አግኝተዋል። ከ13 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ልዩነቱ ወደ 3.02 እጥፍ ያድጋል፤ ይህም ከሁሉም የዕድሜ ክልል ከፍተኛው ነው። ከዚያ በኋላ እየረገበ ሄዶ በአዋቂነት ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ይረጋል። ስለዚህ «ሴቶች ከወንዶች ሁለት እጥፍ በድባቴ ይጠቃሉ» የሚለው የታወቀ አኃዝ እውነት ቢሆንም ልዩነቱ በጣም የሚሰፋበትን ጊዜ፣ ማለትም የስድስተኛ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ዕድሜ፣ ይሸፍነዋል።

ከሕመም ውጭ ያለውን የዕለት ተዕለት ደኅንነት በተመለከተ ረጅም ዘመን ያስቆጠረው መረጃ የትምህርት ቤት ልጆች የጤና ባህርይ ጥናት የሚባለው ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ፣ በፊንላንድና በኖርዌይ ተመራማሪዎች ተጀምሮ ዛሬ ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር በመተባበር በአውሮፓ፣ በመካከለኛው እስያና በካናዳ በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል። የ11፣ የ13 እና የ15 ዓመት ተማሪዎች ይጠየቃሉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የመሰላል ሥዕል ነው፤ ተማሪው ከ0 እስከ 10 ባሉት የመሰላሉ እርከኖች ላይ ሕይወቱ የት እንዳለች ምልክት ያደርጋል። ሌላው ስለ ስምንት ምልክቶች ይጠይቃል፦ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም፣ የጀርባ ሕመም፣ መከፋት፣ መነጫነጭ፣ መረበሽ፣ እንቅልፍ ማጣትና ማዞር። በ11 ዓመት ላይ የሁለቱ ጾታዎች መልስ ይቀራረባል። በ13 ዓመት ይራራቃል፤ በ15 ዓመት ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ከ44 አገሮችና ክልሎች በተሰበሰበው መረጃ የሴቶቹ ሁኔታ ከቀደመው ዙር ብሶ ተገኝቷል።

ወደ ውስጥና ወደ ውጭ

የልዩነቱ አቅጣጫ እንደ ሕመሙ ዓይነት ይለያያል። ባለሙያዎች የልጆችን የአእምሮ ችግሮች በሁለት ይከፍላሉ። ወደ ውስጥ የሚታመቁት ድባቴ፣ ጭንቀትና የአመጋገብ መታወክ ናቸው፤ ከጉርምስና ጀምሮ በሴቶች ላይ ይበዛሉ። ወደ ውጭ የሚገነፍሉት የባህርይ መታወክ፣ ጠበኝነትና የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ሲሆኑ ከጉርምስና በፊት ጀምሮ በወንዶች ላይ ያይላሉ።

የዚህ ክፍፍል ተግባራዊ ውጤት ቀላል አይደለም። ወንበር ላይ አልቀመጥ የሚል፣ የሚማታና ክፍል የሚረብሽ ልጅ በመምህሩ ዓይን ወዲያው ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ግን እርዳታ ሳይሆን ቅጣት ነው። በኋለኛው ወንበር ጸጥ ብላ የምትቀመጠው፣ ውጤቷ ቀስ በቀስ የሚወርደው ልጅ ደግሞ «ጨዋ» ተብላ ትመሰገናለች። በትኩረት ማነስ ችግር የተያዙ ሴቶች ልጆች ከወንዶቹ ዘግይተው የሚታወቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ችግራቸው በመቅበጥበጥ ሳይሆን በመፍዘዝና በመርሳት ይገለጣል።

ራስን በመግደል ረገድ ደግሞ የተመራማሪዎችን ትኩረት የሚስብ ተቃርኖ አለ። ራስን የማጥፋት ሐሳብና ሙከራ ከአፍላ ጉርምስና ጀምሮ በሴቶች ይበዛል፤ በአብዛኞቹ አገሮች ግን በዚህ መንገድ ሕይወታቸው የሚያልፈው በብዛት ወንዶች ናቸው። ከምክንያቶቹ መካከል ወንዶች የሚመርጡት ዘዴ ይበልጥ ገዳይ መሆኑና ቀድመው እርዳታ አለመጠየቃቸው ይጠቀሳሉ።

ምክንያቶች

አካል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት ተራራማ ወረዳዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጀመረ አንድ ጥናት ከ1,400 በላይ ልጆችን ለዓመታት ተከታትሏል። አድሪያን አንጎልድ፣ ጄን ኮስቴሎና ካሮል ወርዝማን እ.ኤ.አ. በ1998 ከዚህ መረጃ ያወጡት ግኝት የቀድሞውን አስተሳሰብ ለውጧል። የሴቶች ልጆች ድባቴ የሚጨምረው የተወሰነ የልደት ዓመት ሲሞላ ሳይሆን የአካል ለውጡ የተወሰነ ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው፤ ይህም ጡት አጎጥጉጦ እድገቱ መካከለኛ ደረጃ ላይ የሚደርስበት ወቅት ነው። በዓመቱ የተከተለው ሥራቸው ደግሞ የኤስትሮጅንና የቴስቶስቴሮን ሆርሞኖች መጠን ከአካል ቅርጽ ለውጡ ይልቅ ከድባቴ ጋር እንደሚዛመድ አሳየ። ይህ ማለት ግን ሆርሞን ብቻውን ያሳምማል ማለት አይደለም። ሁሉም ልጃገረዶች በዚህ ለውጥ ያልፋሉ፤ አብዛኞቹም በጤና ይሻገሩታል።

ከእኩዮቿ ቀድማ የምትጎረምስ ልጅ የተለየ ጫና ያርፍባታል። ሆካን ስታቲንና ዴቪድ ማግኑሰን በስዊድን ኦሬብሩ ከተማ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 በመጽሐፍ ያሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዳው ቀድመው የደረሱ ልጃገረዶች በዕድሜ ከሚበልጧቸው ጋር ጓደኝነት ይጀምራሉ፤ በዚህም የተነሳ ለመጠጥ፣ ከትምህርት ቤት ለመቅረትና ለሌሎች ችግሮች ቀድመው ይጋለጣሉ። ችግሩ የመጣው ከመጎርመስ ራሱ ሳይሆን ከአዲሱ ክበብ ነበር። ቀድመው የሚጎረምሱ ወንዶችን በተመለከተ ግን የጥናቶቹ ውጤት የተደበላለቀ ነው፤ ትልቅ ሰውነትና ጉልበት በእኩዮች ዘንድ ሞገስ ያስገኛል።

ማብሰልሰል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ኖለን ሆክሰማ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያዳበረችው ሐሳብ ሰው በሚከፋበት ጊዜ ለስሜቱ የሚሰጠውን ምላሽ ይመለከታል። አንዳንዱ ወጥቶ ኳስ ይጫወታል፤ ሌላው «ለምን እንዲህ ሆንኩ? ለምን እንዲህ አሉኝ?» እያለ ሐሳብ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ሁለተኛው መንገድ የድባቴን ጊዜ ያራዝማል። በአማርኛ ማብሰልሰል የሚለው ቃል ይህን ሁኔታ በትክክል ይይዘዋል። ልማዱ ከጉርምስና ጀምሮ በሴቶች ላይ በርትቶ ይታያል። ለዚህም አስተዳደግ የራሱ ድርሻ አለው፤ ሴት ልጅ የሌሎችን ፊት እያየች እንድትኖር ከልጅነቷ ትለማመዳለች፣ ወጥታ የምትረሳበት ሜዳም ብዙ ጊዜ የላትም።

የሚሰፋና የሚጠብ ዓለም። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና በዓለም የጤና ድርጅት መሪነት የተጀመረው ዓለም አቀፍ የአፍላ ጉርምስና ጥናት ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወላጆቻቸውን በ15 አገሮች አነጋግሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ውጤት ከናይሮቢ እስከ ሻንጋይ፣ ከአስዩት እስከ ባልቲሞር እጅግ የተቀራረበ ነበር። ጉርምስና ሲጀምር ሴቷ ልጅ «ተጠንቀቂ፣ ቶሎ ግቢ፣ አለባበስሽን አስተካክዪ» ትባላለች፤ አካሏ አደጋ የሚስብ ነገር ሆኖ ይነገራታል። ወንዱ ግን ከቤት እንዲወጣ ይፈቀድለታል፣ እንዲያውም ይገፋል፤ ጠንካራ፣ የማይፈራና ራሱን የቻለ እንዲሆን ይጠበቅበታል። በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል ልጆች የሚንቀሳቀሱበትን አካባቢ በካርታ እንዲያሳዩ ያደረገ ሌላ ጥናትም ሴቶቹ ከጎረመሱ በኋላ የሚደርሱበት ስፍራ ሲጠብ፣ የወንዶቹ ሲሰፋ አሳይቷል።

ይህ የወንዶች ነጻነት ያለ ዋጋ አይገኝም። ጥበቃ ሲነሳ ለጠብ፣ ለአደጋ፣ ለትምባሆና ለመጠጥ መጋለጥ ይከተላል፤ ስሜትን መግለጥም የሴት ባሕርይ ተደርጎ ይቆጠራል።

ማኅበራዊ ሚዲያ። በዚህ ላይ ያለው ክርክር ገና ሞቅ ያለ ነው። ከጠንካራዎቹ ጥናቶች አንዱ ኤሚ ኦርበን፣ አንድሩ ፕሺቢልስኪና ሳራ ጄን ብሌክሞር ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 በብሪታኒያ መረጃ ላይ የሠሩት ነው። ብዙ ሰዓት በማኅበራዊ ሚዲያ ማሳለፍ ከዓመት በኋላ ዝቅ ካለ የኑሮ እርካታ ጋር የሚያያዝባቸው የተለዩ ዕድሜዎች እንዳሉ አገኙ፤ ለሴቶች ከ11 እስከ 13፣ ለወንዶች ደግሞ ከ14 እስከ 15 ዓመት። የሁለት ዓመት ያህሉ ልዩነት ሴቶች ቀድመው ከመጎርመሳቸው ጋር ይገጣጠማል። ጥናቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ግንኙነት አግኝቷል፤ እርካታቸው የወረደባቸው ልጆች በኋላ ስልክ ላይ ይበልጥ ይጠመዳሉ።

አከራካሪ ጉዳዮች

የመጀመሪያው ክርክር ልዩነቱ የእውነት ነው ወይስ የአነጋገር የሚለው ነው። አብዛኛው መረጃ የሚሰበሰበው ልጆቹ ራሳቸው በሚሞሉት መጠይቅ ነው፤ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ የ13 ዓመት ልጅ «ባለፈው ሳምንት አልቅሰሃል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሙሉ እምነት የሚጣልበት አይደለም። በተጨማሪም በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ድባቴ በሐዘን ፈንታ በንዴትና በመነጫነጭ ሊገለጥ እንደሚችል የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሕመም መለያ መመሪያ ይገልጻል። መጠይቁ ሐዘንን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ የሚነጫነጨው ወንድ ልጅ ያመልጠዋል። ሆኖም ልዩነቱ በሠለጠኑ ባለሙያዎች በሚደረግ ምርመራም ስለሚታይ፣ በአነጋገር ብቻ የመጣ ነው የሚለው ክርክር አያስኬድም።

ሁለተኛው ይበልጥ ያልተጠበቀ ነው። ኦሊቪያ ካምቤል፣ ዴቪድ ባንና ፕራቬታ ፓታላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ73 አገሮች የተሰበሰበ የ566,829 ተማሪዎችን መረጃ መርምረው ነበር። ተማሪዎቹ 15 ዓመት ገደማ ናቸው። በአማካይ የሴቶቹ የአእምሮ ጤና ከወንዶቹ ያነሰ ሲሆን፣ ልዩነቱ የሰፋው የጾታ እኩልነት ባልተረጋገጠባቸው አገሮች ሳይሆን በተሻለባቸው አገሮች ነው። የ2017ቱ የሳልክ ትንተናም በድባቴ ላይ ተመሳሳይ ነገር አይቷል። አንዳንዶች የእኩልነት አገሮች ልጃገረድ የቀድሞውን የቁንጅናና የጨዋነት ግዴታ ሳታራግፍ የትምህርትና የሥራ ስኬት ግዴታ እንደተጨመረባት ያስረዳሉ። ሌሎች ደግሞ በእነዚህ አገሮች ስለ ስሜት በግልጽ መናገር የተለመደ መሆኑን ያነሳሉ። እኩልነት ልጃገረዶችን ይጎዳል የሚል ድምዳሜ ግን ከዚህ አይወጣም፤ የአገሮች አማካይ ስለ አንዲት ልጅ ሕይወት የሚናገረው ጥቂት ነው።

በኢትዮጵያ

በምዕራቡ ዓለም የሚደረጉ ጥናቶች የሚያተኩሩት በክፍል ውጤት፣ በሰውነት ቅርጽና በስልክ ላይ ነው። በኢትዮጵያ በተለይም በገጠር የአፍላ ጉርምስና ጫና ሌላ መልክ አለው፤ ለሴቷ ጋብቻ፣ የቤት ሥራና የወር አበባ፣ ለወንዱ ከብት ጥበቃ፣ እርሻና ስደት።

በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ጾታዎች ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። ሕጉ ከወጣ ከአሥራ አምስት ዓመታት በላይ ቆይቶ በተካሄደው እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ግን ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 17.1 ዓመት ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሕጉ ሳይወጣ ያገቡ ቢሆኑም ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር አኃዙ ያሳያል።

የያለ ዕድሜ ጋብቻ በአእምሮ ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በቀጥታ ከመረመሩት አንዱ አናስታሲያ ጌጅ በአማራ ክልል ከ10 እስከ 17 ዓመት ባሉ ከ2,000 በላይ ልጃገረዶች ላይ የሠራችውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ በተዳሩ ልጃገረዶች ላይ ከፍ ብሎ መገኘቱ የሚጠበቅ ነበር። ይሁን እንጂ ገና ላልተዳሩት፣ ነገር ግን ለታጩት ወይም ሽማግሌ ለተላከባቸውም ሐሳቡ በርትቶ ታይቷል። ጉዳቱ ከሠርጉ ቀን ቀድሞ ይጀምራል ማለት ነው። በብዙ የገጠር ቤቶች ሽማግሌ መቀበል የአባትና የዘመድ ጉዳይ ሆኖ ሲቆይ፣ ልጅቷ ወሬውን የምትሰማው ከጓዳ ነው።

ወንዶችን በተመለከተ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ያንግ ላይቭስ ጥናት ጠቃሚ መረጃ አለው። ጥናቱ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል በሚገኙ 20 አካባቢዎች 3,000 ያህል ልጆችን ተከታትሏል። በገጠር ወንድ ልጅ ከብት ለመጠበቅና ለማረስ ከትምህርት ይስተጓጎላል። ስለዚህ የተጎዳው ሁሌም አንዱ ጾታ ብቻ ነው የሚለው አነጋገር ለኢትዮጵያ አይሠራም። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተጀመረውና በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ጌጅ የሚባለው ሌላ የምርምር ፕሮግራም በደቡብ ጎንደር፣ በምሥራቅ ሐረርጌና በአፋር ገጠሮች እንዲሁም በደብረ ታቦር፣ በባቱና በድሬዳዋ ከተሞች በሺዎች የሚቆጠሩ ታዳጊዎችን እየተከታተለ የአእምሮ ጤናቸውንም ይጠይቃል።

በአማርኛ ልጆች ስለ ስሜታቸው የሚናገሩበት መንገድ ለመርማሪው ፈተና ይሆናል። «ድባቴ» የባለሙያ ቃል ነው፤ ልጅ «ሆዴ ባሰኝ»፣ «ደበረኝ»፣ «ተጨነቅሁ» ይላል፣ ወይም ራሱንና ሆዱን እንደሚያመው ይናገራል። ከትርጉም የመጣ መጠይቅ እነዚህን አገላለጾች ካላካተተ ብዙ ነገር ይስተዋል። የተጨነቀች ልጅ በመጀመሪያ የምትወሰደው ወደ ጸበል ወይም ወደ ሃይማኖት አባት መሆኑም የተለመደ ነው። በጤና ጣቢያ ደረጃ የሠለጠነ ባለሙያ ቁጥር ውስን ሲሆን፣ የልጆች የአእምሮ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አገልግሎቱም ለረጅም ጊዜ በአዲስ አበባው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ዙሪያ ተሰባስቦ ቆይቷል።

መከላከልና ድጋፍ

በኢትዮጵያ በሰፊው ከሚጠቀሱት ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለ ገጠር የተካሄደው «ብርሃነ ሔዋን» ነው። ልጃገረዶች በሴት አስተማሪ የሚመሩ ቡድኖች ተመሠረቱላቸው፣ የትምህርት ቁሳቁስ ተሰጣቸው፣ ከወላጆች ጋር ውይይት ተደረገ፤ ልጁን ሳይድር ላቆየ ቤተሰብ በመጨረሻ በግ ይሰጠው ነበር። በግምገማው ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች በንጽጽር ከተወሰደው አካባቢ እኩዮቻቸው ሦስት እጥፍ ያህል በትምህርት ገበታ ላይ የመገኘት ዕድል ነበራቸው፤ የመዳር ዕድላቸው ደግሞ አንድ አሥረኛ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ግን ጋብቻ አልቀነሰም፤ ፕሮግራሙ ጋብቻን ያዘገየ እንጂ ያስቀረ አልነበረም። የአእምሮ ጤናም የግምገማው ዋና መለኪያ አልነበረም።

በኋላ የመጡት ፕሮግራሞች ወንዶችንም ማካተት ጀምረዋል። ፓዝፋይንደር ኢንተርናሽናልና ኬር በኢትዮጵያ ያካሄዱት «አክት ዊዝ ሄር» በዕድሜ ጥቂት በሚበልጧቸው ወጣቶች የሚመሩ የሴቶችና የወንዶች ልጆች ቡድኖችን አቋቁሟል፤ ወላጆችም ተሳትፈውበታል።

በትምህርት ቤት በሁሉም ተማሪ ላይ የሚተገበሩ ትምህርቶች ውጤት የተለያየ ነው። በ10 የአውሮፓ አገሮች፣ በ168 ትምህርት ቤቶች የተሞከረውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ተማሪዎች ስለ ቀውስና ስለ እርዳታ በትወናና በውይይት የሚማሩበት ዘዴ ራስን የማጥፋት ሙከራን እንደቀነሰ አሳይቷል። በአንጻሩ መምህራንን ብቻ ማሠልጠን ከንጽጽር ቡድኑ የተሻለ ውጤት አላመጣም። በብሪታኒያ በበርካታ ትምህርት ቤቶች ከ8,000 በሚበልጡ ተማሪዎች ላይ የተሞከረው የአርምሞ ሥልጠና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤት መሠረት ከተለመደው ትምህርት የበለጠ ጥቅም አልሰጠም፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ልምምዱን ቤታቸው አልሠሩትም ነበር። ለአሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ዓይንን ጨፍኖ ትንፋሽን ከመከታተል ይልቅ ከጓደኛ ጋር መነጋገር ይቀለዋል።